በጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት፤ ዳግም የታተሙ ብሮች በሐረር

ከማዕድን ተሠርቶ መልክና ጽሕፈት የተቀረጸበት ዕቃ ሁሉ፥ ገንዘብም ቢሆን ኒሻን፥ ስለ ራሱ የሚመሰክር ይመስላል። መልኩ ያስቀረጸውን ንጉሥ፥ ጽሕፈቱ አገሩን፥ ቍጥሩም ዘመኑን ይነግራል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ይህ ምስክርነት ሁልጊዜ የሚጸና አይደለም። ዕቃው በላዩ ከተጻፈው ዓመት ብዙ ዘግይቶ፥ በሌላ አገርና በሌላ መንግሥት እጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ወይም በቤተ መዘክር መዝገብ የሚያስገባ ሠራተኛ፥ «ይህ እውነተኛ ነውን ወይስ ሐሰተኛ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

በአውሮፓ ይህ ጥያቄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት የጀርመን ወታደራዊ ኒሻኖች ምክንያት በሰብሳቢዎች መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በኢትዮጵያ ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ፥ በጠገራ ብር ምክንያት፥ ሕዝቡ በየገበያው ያለ መጽሐፍና ያለ ሊቅ ሲፈታው የኖረ ጥያቄ ነው። ከኢትዮጵያም ከተሞች ሁሉ ሐረር ለዚህ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች፤ የራስዋን ገንዘብ የምታትም ከተማ ነበረችና፥ በኋላም የባዕድ ብር የሚመነዘርባት፥ የሚቀልጥባትና ለጌጥ የሚሠራባት ትልቅ የንግድ በር ሆና ኖራለችና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሐረር የራስዋ ገንዘብ

ሐረር የውጭ ብር የተቀበለችው የራስዋ ገንዘብ ስላልነበራት አይደለም። በአሚሮችዋ ዘመን በከተማዪቱ ውስጥ የሚሠራ መሐለቅ የሚባል ትንሽ ገንዘብ ነበራት። መሐለቅ የሚለው ቃል በአማርኛም የታወቀ ሲሆን የአነስተኛ ገንዘብ ስም ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1855 መጀመሪያ፥ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር በሚገዙበት ጊዜ፥ ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሰንብቶ ነበር። እርሱ ያየው መሐለቅ ከናስ በእጅ የተሠራ ነበር። በአንደኛው ፊቱ በሐረር የታተመ መሆኑን የሚገልጽ የዓረብኛ ቃል፥ በሁለተኛው ፊቱም 1248 የሚል የሂጅራ ዓመት ነበረበት። በርተን ጨምሮ እንደ ገለጸው፥ በከተማው ውስጥ ከዚህ ሌላ ገንዘብ የሚያዘዋውረውን ሰው አሚሩ ያለ ርኅራኄ ይቀጡት ነበር።

ከዚህ ምስክርነት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፥ በጁገል ግንብ ውስጥ ገንዘብ መገበያያ ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ምልክትም መሆኑ ነው፤ የአሚሩ መሐለቅ የሚታወቀው በናሱ ዋጋ ሳይሆን በአሚሩ ትእዛዝ ነበርና። ሁለተኛው፥ 1248 ዓመተ ሂጅራ ከ1832 እስከ 1833 ካለው ጊዜ ጋር ስለሚስማማ፥ በርተን የያዘው ገንዘብ ከሃያ ዓመት በላይ የቈየ ዓመት የተጻፈበት መሆኑ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ላይ የተጻፈው ዓመትና ገንዘቡ በሰው እጅ የሚገኝበት ዘመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም።

የንግሥቲቱ ብርና የቆመው ዓመት

ጠገራ ብር የተባለው ከ1740 ጀምሮ የሀብስቡርግን አገሮች የገዛችው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በስሟ መታተም የጀመረው በ1741 ሲሆን፥ ንግሥቲቱ በኅዳር ወር 1780 ሞተች። እንደ ተለመደው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ከሞቷ በኋላ የወራሿ መልክ በብሩ ላይ መተካት ነበረበት። ነገር ግን በምሥራቅ አገሮች የሚነግዱ ሰዎች የለመዱትን መልክ ካላዩ ብሩን ለመቀበል እንቢ ስላሉ፥ ለውጭ ንግድ የሚላከው ብር የሟቿን መልክና 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ መታተሙን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱ አልተለወጠም። በ1858 ብሩ በኦስትሪያ በራስዋ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ሳለ፥ በቀይ ባሕር ዳርቻና በኢትዮጵያ ተፈላጊነቱ እየጨመረ ሄደ።

ብሩ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሁ ክፍል 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ስፋቱም 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። በፊት ገጹ ሻሽ የተከናነበች የንግሥቲቱ መልክ፥ በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል። በዙሪያ ጠርዙም «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ቃል በጕልህ ተጽፎበታል፤ ይህም ጠርዙን እየፋቁ ብር መስረቅን የሚከለክል ነው። ከመልኩ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ደግሞ፥ ዛሬ በጀርመን አገር በባቫሪያ ክፍል በምትገኘው በጉንስቡርግ ከተማ የብር ማተሚያ ቤት የነበሩት የሁለት ሹማምንት፥ የሾብልና የፋቢ፥ ስም መነሻዎች ናቸው። ያ ማተሚያ ቤት በ1805 ተዘግቷል። ሁለቱ ፊደሎች ግን ባለቤቶቻቸው ከሞቱ፥ ቤቱም ከተዘጋ በኋላ፥ በሌሎች ከተሞች በታተሙት ብሮች ሁሉ ላይ እየተቀረጹ ኖረዋል። ስለዚህ ከ1780 በኋላ የታተመ ጠገራ ብር በመልኩ ያለፈች ንግሥትን፥ በፊደሉ ያለፉ ሹማምንትን፥ በቍጥሩም ያለፈ ዓመትን ይዞ የሚዞር ዕቃ ነው።

ብሩ በሐረር ገበያ

ይህ ብር በትሪዬስቴ ወደብ ተጭኖ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ምጽዋ፥ ወደ ዔደንና ወደ ዘይላ ይደርስ ነበር። ከዘይላ የሚነሣው የግመል ቅፍለት ወደ ሐረር ልብስና ብር እያመጣ፥ ከሐረር ቡና፥ ቈዳ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይመለስ ነበር። ግብጾች ከተማዪቱን ከ1875 እስከ 1885 በያዙበት ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎችም ገቡ። በዔደን ያለው የባርዴ የንግድ ቤት በ1880 በሐረር ቅርንጫፍ ሲከፍት፥ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ ሐረር የመጣው የዚሁ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች ቡናውንና ቈዳውን የሚገዙት በዚሁ በንግሥቲቱ ብር ነበር።

ብሩ በገበያ ላይ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ክብደቱ የማይለወጥ ስለ ሆነ ሚዛንም ሆኖ አገልግሏል፤ ወርቅና ብር፥ ዝባድም የሚመዘንበት ወቄት በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ይለካ ነበር። ብር ሠሪዎች ደግሞ ለአምባር፥ ለአልቦና ለአንገት ጌጥ የሚሆነውን ብር የሚያገኙት ይህንኑ በማቅለጥ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው፥ ሚዛን ያዡና አንጥረኛው ሦስቱም በአንድ ዕቃ ይጠቀሙ ነበርና፥ ሦስቱም እውነተኛነቱን ለመመርመር የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

ምርመራውም ጥብቅ ነበር። ብሩን የሚቀበል ሰው በእጁ ከብዶት እንደ ሆነ ይለካል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ሁለቱ ፊደሎች ጐልተው መታየታቸውን፥ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውም ጌጥ ዕንቊዎቹ አለመጥፋታቸውን ይመለከታል። መልኩ የደበዘዘውን ብር፥ ምንም እንኳ ማዕድኑ ጥሩ ቢሆን፥ አልቀበልም ማለት የተለመደ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከነዚህ ምርመራዎች አንዱ እንኳ «ይህ ብር በየት አገርና መቼ ታተመ?» የሚል አልነበረም። 1780 የሚለው ቍጥር ይታይ የነበረው የብሩ መልክ አንዱ ክፍል ሆኖ እንጂ እንደ ዘመን መቍጠሪያ አልነበረም።

ነገሥታቱና ብሩ

የብሩን ኀይል በግልጽ የሚያሳየው፥ ሊተኩት የሞከሩት ሁሉ የገጠማቸው ችግር ነው። ግብጾች ከሐረር ከወጡ በኋላ የነገሡት አሚር አብዱላሂ አዲስ ገንዘብ አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ ሕዝቡን ከመጕዳት በቀር አልጠቀመም። በ1879 ዓ.ም. (1887) የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙና ግዛቱ ለመኰንን ወልደ ሚካኤል ከተሰጠ በኋላ፥ በ1885 ዓ.ም. በምኒልክ ስም በሐረር ትንሽ የብር መሐለቅ ታተመ። ስሙ የጥንቱ የከተማዪቱ ገንዘብ ስም ሲሆን፥ ሥልጣኑ ግን የአዲሱ መንግሥት ነበር።

ከ1894 ጀምሮ ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸው መልክ በአንድ ፊት፥ ባንዲራ የያዘ አንበሳም በሌላው ፊት ያለበትን ብር በፓሪስ አሳተሙ። ክብደቱ ከንግሥቲቱ ብር ጋር የተስተካከለ ነበር። ይሁን እንጂ በንግድ መንገዶች ላይ ሕዝቡ የለመደውን አልተወም፤ የንጉሠ ነገሥቱም ብር የንግሥቲቱን ብር ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ኢጣልያም በ1890ዎቹ ለኤርትራ በንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ፥ ደግሞ በ1918 የማርያ ቴሬዛን መልክ በሚመስል በሌላ ሴት መልክ፥ ብር አሳትማ ሁለቱም ተቀባይ አጡ። የ1918ቱ ብር ታሪክ በተለይ አስተማሪ ነው። የምስራቅ አፍሪካ ነጋዴ ከሞተች መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፋትን ንግሥት መልክ በአዲስ ብር ላይ ሲያይ ይቀበላል፤ እርስዋን የምትመስለውን ሌላ ሴት ሲያይ ግን አይቀበልም። ይህም ማለት ዳግም መታተምን ሳይሆን ማስመሰልን ይጠላ ነበር ማለት ነው።

ከ1935 በኋላ የታተሙት

ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፥ በሐምሌ ወር 1935፥ ብሩን የማተም መብት ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ማተም ጀመረች። መንገድ ለማሠራት፥ እህልና ከብት ለመግዛት፥ መኳንንትንም ለመደለል ከሊሬ ይልቅ ይህ ብር እንደሚያስፈልጋት ዐውቃ ነበርና። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ የቀይ ባሕር ንግድ ብሩን በማጣት እንዳይጐዳ ሲል ከ1936 ጀምሮ በለንደን አሳተመ። ብሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው ማንም ሊያትመው ይችላል የሚል ክርክርም ቀረበ። ፓሪስና ብሩስልም አተሙ። ጦርነቱ ወደ ምስራቅ አፍሪካ በደረሰ ጊዜ በ1940 እና በ1941 በቦምባይ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ብር ታተመ።

ሐረር በግንቦት 1936 በኢጣልያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በመጋቢት 1941 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ገባባት። በነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ በአንድ ገበያ የሮሙ፥ የለንደኑና የቦምባዩ ብር ከጥንቱ የቪየና ብር ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። ሁሉም 1780 ይላል፤ ሁሉም «ኤስ» እና «ኤፍ» ይላል። ወራሪው የበጀበት ብርና ወራሪውን ለማስወጣት የወጣው ብር በአንዲት ሴት መልክ ተሸፍነው በአንድ ከረጢት ተቀመጡ። በ1937 ዓ.ም. (1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ሲወጣ ጠገራ ብር ቀስ በቀስ ከገበያ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ ጌጥ ገባ። የውጭ አገሮቹም ማተሚያ ቤቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቁመው መብቱ ለቪየና ተመለሰ። የቪየና ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ 1780 የሚለውን ብር ለሰብሳቢዎች እያተመ ይሸጣል።

የጀርመን ኒሻኖች ምሳሌ

ይህን ነገር ከጀርመን ኒሻኖች ጋር ማመሳከር ለፍርድ ይረዳል። የብረት መስቀል የሚባለው ኒሻን በ1813 በፕሩስያው ንጉሥ በፍሪድሪክ ዊልሄልም ሣልሳዊ የተመሠረተ ሲሆን፥ በ1870፥ በ1914 እና በ1939 እንደ ገና ታድሷል። በ1939 የታደሰው በመካከሉ የናዚዎችን ምልክት ስዋስቲካን የያዘ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ኒሻን ማድረግ ተከለከለ። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ግን በሐምሌ 26 ቀን 1957 ባወጣው የኒሻን ሕግ፥ ኒሻኑን በጦር ሜዳ ያገኙ ሰዎች ስዋስቲካው ወጥቶለት እንዲያደርጉት ፈቀደ። በስዋስቲካውም ፈንታ የኦክ ዛፍ ቅጠል ተተካ። በታች ያለው 1939 የሚለው ዓመት ግን እንደ ነበረ ቀረ። በጦርነቱ ዘመን ኒሻን ከሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ በሉደንሻይድ ከተማ ያለው ሽታይንሃወር ኡንድ ሉክ፥ አዲሱንም ዓይነት ሠርተዋል።

ስለዚህ ከ1957 በኋላ በተሠራው የብረት መስቀል ላይም የዕቃው ዕድሜና የተጻፈው ዓመት አይገናኙም። ይህ ግን ዕቃውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ኒሻኑ የተሰጠበት ሥራ የጦርነቱ ዘመን ነው፤ ብረቱ የኋላው ዘመን ነው፤ የተለወጠው ምልክት ደግሞ አንድ ሕዝብ ስላለፈው ታሪኩ የሰጠው ፍርድ ነው። ሐሰተኛ የሚባለው፥ በኋላ ዘመን ከነስዋስቲካው ተሠርቶ ሆን ተብሎ አርጅቶ፥ «በጦርነቱ ጊዜ የተሰጠ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ሰብሳቢዎችም ከብዙ ክርክር በኋላ የ1957ቱን ዓይነት ራሱን የቻለ ክፍል አድርገው ይዘውታል።

ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ዓይነት ዕቃዎችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ዳግም የታተመ ነው፤ መልኩ፥ ክብደቱና ማዕድኑ እንደ ቀድሞው ሆኖ ዘመኑ ብቻ የዘገየ ነው። የሮሙና የለንደኑ ጠገራ ብር ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ተለውጦ የተሠራ ነው፤ ለውጡን በግልጽ ያሳያል እንጂ አይደብቅም። የ1957ቱ ኒሻን ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው አታላይ ነው፤ ከርካሽ ማዕድን የተቀረጸ ብር ወይም በሐሰት ያረጀ ኒሻን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከሦስተኛው ጋር «ሐሰተኛ» በሚል በአንድ ስም መጥራት ታሪክን ማደባለቅ ይሆናል።

ለሰብሳቢና ለቤተ መዘክር

ይህ ልዩነት ለሐረር የስም ጕዳይ ብቻ አይደለም። በከተማዪቱ ያሉ የብር ጌጦችና የቈዩ ገንዘቦች ከቤተ ሰብ ሣጥን እየወጡ ለጐብኚ መሸጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በዚህ ንግድ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች በተቃራኒ መንገድ ጕዳት ያመጣሉ። የመጀመሪያው፥ በብሩ ላይ 1780 የሚል ተጽፎ ስላለ ጌጡ የዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ብሎ ማመን ነው። ሁለተኛው፥ ብሩ በ1936 በሮም የታተመ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ይህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሲንቀው፥ ባለቤቱ አምኖ ለማቅለጫ መስጠቱ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ታሪክን ያረዝማል፤ ሁለተኛው ግን ታሪኩን ራሱን ያጠፋዋል፤ የቀለጠ ብር ዳግመኛ ሊመረመር አይችልምና።

ብሮቹን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የሚቻል ነው። የየማተሚያ ቤቱ ቅርጽ በጥቃቅን ነገር ይለያያል። በትከሻው ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቊዎች፥ በንስሩ ጅራት ላባ፥ በፊደሎቹ አጣጣልና በጠርዙ አበባ እየተመለከቱ ሊቃውንት የቪየናውን፥ የሮሙን፥ የለንደኑንና የቦምባዩን ለይተው መዝግበዋል። ይህም ዕውቀት ለዘመን ቈጠራ ትልቅ መሣሪያ ነው። በአንድ የአንገት ጌጥ ላይ ከተሰኩት ብሮች መካከል አንዱ የቦምባይ ሆኖ ቢገኝ፥ ጌጡ በዚህ መልኩ የተሠራው ከ1940 በፊት አለመሆኑ ይረጋገጣል። በመሬት ተቀብሮ በተገኘ ገንዘብም እንደዚሁ፥ የተቀበረበትን ጊዜ የሚነግረው 1780 የሚለው ቍጥር ሳይሆን ከሁሉ ዘግይቶ የታተመው ብር ነው።

በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ቤት በሚገኘው በሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ከጥንት መጻሕፍት፥ ከጌጣጌጥና ከጦር መሣሪያ ጋር ገንዘቦችም ተሰብስበዋል። እንዲህ ያለው ስብስብ ለተማሪዎች ሰፊ የጥናት መስክ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ክብደቱን፥ የማተሚያ ቤቱን ምልክት፥ የመበሳቱንና የመበየዱን ሁኔታ መጻፍ ይገባል። ከዚህም ጋር የባለቤቱ ቃል መመዝገብ አለበት፤ ለማን፥ በምን ምክንያት፥ ለጥሎሽ ወይስ ለቡና ዋጋ ተሰጥቶ እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሮም የታተመ ብር በሐረር ለአንዲት ሙሽራ የተሰጠ ቢሆን፥ ስጦታው እውነተኛ ነው፤ ወረራውም እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም በአንዱ ብር ላይ ይገኛሉ።

መልኩንና ዓመቱን ማንበብ ለማንም ቀላል ነው። የተበሳበትን ቀዳዳ፥ የተለወጠውን የላባ ቍጥርና የያዘውን ሰው ቃል ማንበብ ግን የአጥኚ ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ በመዝገቡ ላይ «1780» የሚል ብቻ ከተጻፈ፥ ከሐረር ታሪክ ምንም አልተጻፈም።